የአምፕና የስፒከር ጥምረት፦ ድምፃዊውን መሀል ላይ ለማቆም

ዓይንዎን ጨፍነው ሲያዳምጡ ድምፃዊው መሀል፣ ክራሩ ወደ ግራ፣ ከበሮው ራቅ ብሎ ከተሰማዎት የድምፅ መድረኩ በቦታው ነው። አምፕ (የድምፅ ማጉያው መሣሪያ) ይህን መድረክ አይፈጥርም፤ የሚገኘው ቀረጻው ውስጥ ነው። ከስፒከሩ ጋር ካልተጣጣመ ግን በቀላሉ ያፈርሰዋል።

1. ከስፒከሩ ጀርባ ሁለት ቁጥር ይፈልጉ፦ ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ ያለው እንቅፋት) እና ሴንሲቲቪቲ (በ1 ዋት ኃይል 1 ሜትር ላይ የሚሰማው የድምፅ መጠን፣ በዴሲቤል)። አምፑ ላይ «ቢያንስ 8 ኦም» ከተባለ 4 ኦም ስፒከር አይግጠሙለት። ይግላል፤ ቤዙ ሲበረታ ያጉረመርማል ወይም ራሱን ያጠፋል። ሴንሲቲቪቲ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 4 ኦም ስፒከር «89 ዴሲቤል በ2.83 ቮልት» ቢባል፣ ያ ቮልት በ4 ኦም ላይ 2 ዋት ነው፤ በ1 ዋት ሲሰላ 86 ይሆናል።

2. ዋቱን ያስሉ። 3 ሜትር ርቀት ላይ በሁለት ስፒከር ሲያዳምጡ ከ1 ሜትሩ ልኬት ወደ 6 ዴሲቤል እንደሚቀነስ ይያዙ። 86 ዴሲቤል ስፒከር የሙዚቃውን ጫፍ 100 ዴሲቤል ለማድረስ በየቻናሉ (ለግራም ለቀኝም ለየብቻ) 100 ዋት ይፈልጋል፤ 91 ዴሲቤሉ 32 ዋት ይበቃዋል። ዋት ሲያጥር የከበሮው ምት ጫፉ ይቆረጣል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ መሣሪያዎቹም ተደራርበው አንድ ጉብታ ይሆናሉ።

የዋት መብዛትም የራሱ ጣጣ አለው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። 96 ዴሲቤል ስፒከር ከ100 ዋት አምፕ ጋር ሲገጠም የቮልዩም ቁልፉ ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ ቤቱ ይሞላል። ርካሽ ቁልፍ ደግሞ ግራና ቀኙን እኩል የማይከፍተው እዚያው መነሻው ላይ ነው፤ ስለዚህ ድምፃዊው ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። መፍትሔው የስልኩን ወይም የማጫወቻውን ድምፅ ቀንሶ የአምፑን ቁልፍ ወደ መሀል ማምጣት ነው።

3. የአምፑን ዓይነት ይለዩ። ባለ ቫልቭ አምፕ (በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቱቦ የሚሠራው) ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ኦም የውስጥ እንቅፋት አለው። የስፒከር ኦም ደግሞ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ይለዋወጣል። አንድ ስፒከር ቤዙ ላይ 30፣ መሀል ላይ 6 ኦም ቢሆንና አምፑ 2 ኦም ቢኖረው፣ ቤዙ ከመሀለኛው ወደ 2 ዴሲቤል ይበልጣል። ድምፁ ይወፍራል፣ ድምፃዊው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ደስ የሚለው አለ፤ ትክክለኛነት ነው ብሎ መከራከር ግን አይቻልም። ትራንዚስተር አምፕ ላይ ይህ ልዩነት ከቁጥር አይገባም፤ አቅማቸው እስካላለቀ ድረስ ደህና የተሠሩት እርስ በርስ ብዙም አይለያዩም።

4. ሽቦውን አምፑ ጠፍቶ ይሠሩ። ለ8 ኦም እስከ 5 ሜትር ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ይበቃል፤ ለ4 ኦም ወይም ለረጅም ርቀት 2.5 ይያዙ። መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ተመሳስሎ ስለሚሸጥ ጫፉን ፋቅ አድርገው ይዩት። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር።

5. በሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ በሚያወጡበት ቅጂ፣ ይፈትኑ። ስፒከሮቹን ከ2 እስከ 2.5 ሜትር አራርቀው፣ ወንበርዎን ከሁለቱም እኩል ርቀት ላይ ያድርጉ። አንድ ሰው ብቻውን የሚያወራበት ሞኖ ቅጂ ያጫውቱ፤ ድምፁ ከመሀል፣ ከባዶው ቦታ መውጣት አለበት።

መሀሉ ጠፍቶ ድምፁ ከየት እንደመጣ ካልታወቀና ቤዙም ከሳሳ፣ የአንዱ ስፒከር ሽቦ ተገልብጧል። የአንዱን ብቻ ይመልሱ። ድምፁ ዝቅ ሲል ብቻ ወደ ጎን እየሸሸ፣ ሲጨምር የሚመለስ ከሆነ የቮልዩም ቁልፉ ነው።

ሁልጊዜ ወደ ግራ ካዘነበለ አምፑን አጥፍተው፣ ከጀርባው የግራና የቀኝ ስፒከር ሽቦዎችን ያቀያይሩ። ዝንባሌው ወደ ቀኝ ከዞረ ችግሩ አምፑ ወይም ማጫወቻው ላይ ነው፤ እዚያው ግራ ከቀረ ስፒከሩ ወይም ክፍሉ ነው። የኋለኛው ከሆነ ስፒከር ከመቀየርዎ በፊት በአንድ በኩል ያለውን ባዶ ግድግዳ በሌላው በኩል ካለው መጋረጃ ጋር ያስተያዩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው።