በእጅ ሲያዙት የሚታዘዝ፣ ሌሊት የሚገግም ትዕዛዝ እንዴት ይስተካከላል?

ዋናው ሰርቨር ደብረ ብርሃን ነው፣ ቅርንጫፉ ሸዋ ሮቢት። ሌሊት ሰው ሲተኛ የቀኑ መረጃ በአርሲንክ፣ ፋይል በሚገለብጠው ፕሮግራም፣ ወደዚያ ይገለበጣል፤ ሰዓቱን ጠብቆ የሚያስነሳው ክሮን ነው። አንድ ጠዋት ሲታይ ምንም አልሄደም። ያንኑ ትዕዛዝ ተርሚናል ላይ ሲጽፉት ግን ሽው ብሎ ይሰራል። ያኔ ሁሉም ሰው «ኔትወርኩ ነው፣ ጣርማበር ላይ ተቆርጦ ይሆናል» ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን በእጅ ሰርቶ በክሮን እምቢ ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መስመሩ ሳይሆን እዚሁ ያለው ሰርቨር ነው።

ትዕዛዞቹን ለቅርንጫፍ ሰው በስልክ እንደማነበው፣ በአጠራራቸው ነው የጻፍኳቸው። ኪቦርዱ ላይ ያው በእንግሊዝኛ ፊደል ናቸው።

መጀመሪያ ምንም አትንኩ። ሪስታርት ማድረግ፣ ፕሮግራሙን አጥፍቶ መጫን፣ ፈቃዱን ሁሉ 777 ማድረግ (ማንም እንዲያነበውና እንዲቀይረው መክፈት)፣ እነዚህ ሁሉ ችግሩን ሳይሆን የችግሩን ምልክት ነው የሚያጠፉት። 777 እንዲያውም ሌላ ጣጣ ያመጣል፦ ሁለቱን ሰርቨሮች የሚያገናኘው የኤስኤስኤች ሚስጥራዊ ቁልፍ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ኤስኤስኤች ራሱ ቁልፉን አልቀበልም ይላል።

ከዚያ ትዕዛዙን አናግሩት። ክሮን የስህተት መልእክቱን በሰርቨሩ የውስጥ ሜይል ለመላክ ይሞክራል፣ የሜይል ፕሮግራም ከሌለ ይጥለዋል። ስለዚህ በክሮንታቡ (ክሮን የሚያነበው የትዕዛዝ ዝርዝር) መስመር መጨረሻ >> ጻፉ፣ የሎግ ፋይሉን ስም አስከትሉ፣ ቀጥሎ 2>&1 ጨምሩ። ይህች 2 የስህተት መልእክቱን ወደዚያው ፋይል የምትከተው ናት፤ ብትረሷት ባዶ ሎግ ላይ ነው የምታፈጡት። ትዕዛዙን በእጅ ስትሞክሩት ደግሞ ወዲያው ተከትላችሁ ኤኮ $? በሉ፤ ትዕዛዙ እንዴት እንዳለቀ በቁጥር ይነግራችኋል። 0 ከሆነ ሰላም ነው። 127 ትዕዛዙ አልተገኘም ማለት ነው። 137 ከመጣ ሌላ ነገር በኃይል ገድሎታል፣ ብዙ ጊዜ ራም አልቆ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ነው። ከአርሲንክ የራሱ ቁጥሮች 23 ከፊሉ ፋይል አልሄደም ይላል፣ 30 ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። 255 ካያችሁ ወደ ኤስኤስኤች ዙሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ክሮን እናንተ ስትገቡ የሚጫነውን ቅንብር አይጭንም። ኡቡንቱ ላይ ፓዙ (ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) አጭር ነው፣ ፕሮግራሙ ዩኤስአር ሎካል ቢን ውስጥ ከተቀመጠ አያየውም። ታይፕ ሰረዝ ኤ ብላችሁ የፕሮግራሙን ስም ስጡት፣ ያለበትን ቦታ ሁሉ ይዘረዝራል፤ አንዳንዴ ሁለት ቅጂ፣ አሮጌና አዲስ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ታገኛላችሁ። ክሮንታብ ውስጥ ሙሉ አድራሻውን ጻፉና ተገላገሉ። ቁልፋችሁ ፓስወርድ ካለው ደግሞ ሌሊት የሚጽፍለት ሰው የለም። ለዚህ ሥራ ብቻ ፓስወርድ የሌለው ቁልፍ አውጡ፣ ተቀባዩ ሰርቨር ላይ ግን መብቱን ጠበብ አድርጉ። በማን ዩዘር እንደሚሰራም እዩ፤ በእናንተ ስም የሰራው በሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ) ስም ሸዋ ሮቢትን ጭራሽ አያውቀውም።

% ምልክት ልዩ ጣጣ አለባት። የባክአፑን ስም በቀን የምትሰይሙ ከሆነ፣ ክሮንታብ ውስጥ % አዲስ መስመር ተደርጋ ስለምትቆጠር ትዕዛዙ መሃል ላይ ይቆረጣል። ከፊቷ \ አድርጉ። ይህን ሳያውቁ ሌሊቱን የሚያነጉ አሉ።

ሰዓቱም ያሳስታል፣ በተለይ እኛን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲነሳ ከፈለጋችሁ የሚጻፈው 2 ነው። 8 ብትሉት ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ቢሮ ሲከፈት ይነሳና መስመሩን ያጨናንቃል። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ ደግሞ 3 ሰዓት ስለሚቀንስ የሚጻፈው 23 ነው። ታይምዴትሲቲኤል ብላችሁ የሰዓት ቀጠናውን አረጋግጡ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ዲስኩን በዲኤፍ ሰረዝ ኤች እዩ፣ በዲኤፍ ሰረዝ አይም ድገሙት። ቦታ እያለ «ቦታ የለም» የሚለው ጥቃቅን ፋይል በዝቶ አይኖድ (ለእያንዳንዱ ፋይል የሚያዝ መመዝገቢያ) ሲያልቅ ነው።

ትዕዛዙ ሳይሞት ድርቅ ብሎ ከቀረ፣ ምናልባት በመሃል ወዲያ ማዶ መብራት ሄዷል። አርሲንክ ካልነገሩት በስተቀር የጊዜ ገደብ ስለሌለው ለረጅም ጊዜ ሊጠብቅ ይችላል፣ በማግስቱ ሌሊት ሁለተኛው ይነሳና ይደራረባሉ። ታይምአውት 120 (ሴኮንድ) ስጡት፣ የተጀመረው ትልቅ ፋይል እንዳይጠፋ ፓርሻል ጨምሩ፣ መስመሩን ደግሞ በኤፍሎክ ሰረዝ ኤን አስጀምሩት፤ የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛው አይገባም።

ስትጨርሱ ሌሊቱን አትጠብቁ። ድራይ ራን (ምንም ሳይገለብጥ የሚሞክር) የሚለውን ጨምራችሁ ከ5 ደቂቃ በኋላ የሚነሳ መስመር ክሮንታቡ ላይ አስገቡ፣ ሎጉን ቴይል ሰረዝ ኤፍ ብላችሁ ተከታተሉ። ካለፈ የሙከራውን መስመር አጥፉ።