በኬንት ባሕር ዳርቻ የወደቀ የጦር አውሮፕላን ታሪክ እንዴት ይፈለጋል?

ከብረቱ አትጀምሩ። ከቀኑ ጀምሩ። ቀኑ ከተገኘ ብዙው ነገር በወረቀት ይመጣል። ቀኑ ካልተገኘ ግን ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ስትረግጡ ብትውሉ የምታገኙት የቢራ ጣሳ ነው።

የምኖረው ራምስጌት ነው፤ በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ኬንት ውስጥ። የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ፈረቃ። የወደቁ አውሮፕላኖችን ታሪክ መከታተል የጀመርኩት እነዚሁ አረጋውያን ሲያወሩ እየሰማሁ ነው። የሐበሻ ጓደኞቼ «ቁራሌዋ መጣች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ቤቴ ውስጥ አንዲት የአውሮፕላን ብሎን የለችም፤ ያለኝ የወረቀት ክምር ነው።

ከዶቨር እስከ ፈረንሳይ ባሕሩ በጠባቡ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 (ከዚህ በኋላ ዓመቱም ወሩም በፈረንጆች ነው) ጀርመን ፈረንሳይን ከያዘች በኋላ ይህ ሰማይ የጦር ሜዳ ሆነ። እንግሊዞች የብሪታንያ ውጊያ የሚሉት ከጁላይ 10 እስከ ኦክቶበር 31 ያለውን ጊዜ ነው። ዶቨር አካባቢ ያኔ «የገሃነም ማዕዘን» ይባል ነበር። ከዚያም በኋላ እስከ 1945 ድረስ አውሮፕላን መውደቁ አላቆመም። ብዙዎቹ በጥይት ተመተው ወደቁ። በጉም የጠፋ፣ ነዳጅ የጨረሰ፣ በልምምድ ላይ ውኃ ውስጥ የገባም ጥቂት አይደለም።

ቀኑን ከየት ታገኛላችሁ? በዓይኑ ያየ ሰው ካለ ከእሱ ጀምሩ። ያኔ ልጅ የነበሩት ዛሬ ዘጠና ዓመት ግድም ናቸው፤ ስለዚህ ለነገ አትበሉ። ግን «ምን ዓይነት አውሮፕላን ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም «ስፒትፋየር» ነው የሚላችሁ፤ ዝነኛው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ማለት ነው። ሀሪኬን የሚባለው ሌላው የእንግሊዝ ተዋጊም ስፒትፋየር፣ ጀርመኑም ስፒትፋየር ነው። አትከራከሩ። የሚጠቅመው ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር ወይስ እረፍት ነበር? የት ቆመው ነበር? ባሕሩ በየትኛው እጅዎ በኩል ነበር? የአብራሪ ጃንጥላ (ፓራሹት) ታየ? ማን ሮጦ ሄደ? አንዲት እናት «የእንጆሪ ለቀማ ላይ ነበርን» ብትላችሁ ጊዜውን ወደ ጥቂት ሳምንታት አጠበበችላችሁ ማለት ነው።

የአካባቢው ጋዜጣ ቀጣዩ ነው፤ ግን አትመኑት። በጦርነቱ ጊዜ ሳንሱር ነበር። ስለዚህ «በአንዲት የደቡብ ምሥራቅ ባሕር ዳር ከተማ» ብሎ ያልፋል እንጂ ራምስጌት ወይም ማርጌት አይልም። ወሬው የወጣበትን ቀን ብቻ ውሰዱለት፤ ድርጊቱም ከዚያ ቀን ቀደም ብሎ የሆነ ነው ብላችሁ ያዙ።

ቀኑን ከያዛችሁ በኋላ ጉዟችሁ ለንደን፣ ኪው ወዳለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። የአንባቢ ካርዱ ነጻ ነው፤ ስማችሁንና አድራሻችሁን የሚያሳይ ሰነድ ያዙ። እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ይገባል። በስልክ ፎቶ ማንሳት ትችላላችሁ። የምትፈልጉት «ኤር 27» (AIR 27) የሚል ምልክት ያላቸውን ፋይሎች ነው። እያንዳንዱ የእንግሊዝ አየር ኃይል ስኳድሮን (የአውሮፕላኖች ቡድን) የዕለት መዝገብ ነበረው። ቅጽ 540 የዕለቱን ነገር በጥቅሉ ይተርካል። ቅጽ 541 ደግሞ በረራ በበረራ ነው፦ የአውሮፕላኑ ቁጥር፣ የአብራሪው ስም፣ የተነሳበት ሰዓት፣ ያረፈበት ሰዓት። ያረፈበት ሰዓት ባዶ የሆነበትን መስመር ስታገኙ ልባችሁ ይመታል። እኔ እስካሁን አልለመድኩትም።

ብዙ የ«ኤር 27» ፋይሎች በኢንተርኔትም ስላሉ ከቤት ሆናችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ከነሱ ቀጥሎ «ኤር 81» የሚባለውን ተመልከቱ። ይኼ የሞቱ፣ የቆሰሉና የጠፉ ሰዎች ፋይል ነው፤ ከ1939ዎቹ ጀምሮ በየተራ እየተከፈተ ነው። ለቤተሰብ የተጻፈ ደብዳቤ ውስጡ ሊኖር ስለሚችል ረጋ ብላችሁ አንብቡት። አውሮፕላኑ የወደቀው በውጊያ ሳይሆን በአደጋ ከሆነ ደግሞ ሄንደን ያለው የአየር ኃይል ሙዚየም «ቅጽ 1180» የሚባሉ የአደጋ ካርዶች አሉት። ካርዷ ትንሽ ናት፤ ግን ምክንያቱን ቁርጥ አድርጋ ትናገራለች።

ቁጥሩን በትክክል ገልብጡ። አንድ ፊደል ከአራት አሃዝ ጋር፣ ወይም ሁለት ፊደል ከሦስት አሃዝ ጋር ነው። አንዷ አሃዝ ከተሳሳተች የሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ትገባላችሁ። ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ባሕሩን ተሻግረን ወደ ፈረንሳይዋ ካሌ እንሂድ። ፒ9374 የሚባለው ስፒትፋየር ሜይ 24 ቀን 1940 እዚያ አሸዋ ላይ በሆዱ አረፈ። አሸዋው ዋጠው። በ1980 ባሕሩ አሸዋውን ሲገፈው ብቅ አለ። አብራሪው ፒተር ካዜኖቭ እንደነበረ የታወቀው መዝገቡ ስለነበረ ነው። አውሮፕላኑ ታድሶ በ2011 እንደገና በረረ፣ በ2015 ደግሞ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ያ ቁጥር ባይኖር የአብራሪውን ስም ማን ይነግረን ነበር?

አሁን ሰዓት። እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች ትንሽ እንቀድማለን፤ በሁለት ሰዓት አቆጣጠር መኖር ለምደናልና። በ1940 በፈረንጆች በጋ የጀርመን ሰዓት ከእንግሊዝ አንድ ሰዓት ይቀድም ነበር። የእንግሊዙ መዝገብ ራሱ አንዳንዴ በግሪንዊች ሰዓት፣ አንዳንዴ በበጋ ሰዓት ይጻፋል። ከሜይ 1941 ጀምሮ ደግሞ እንግሊዝ በበጋ ከግሪንዊች ሁለት ሰዓት ወደፊት ገፋች። ስለዚህ ሁለት ወረቀት በአንድ ሰዓት ቢለያይ «ሁለት አውሮፕላን ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ። ሁሉንም ወደ ግሪንዊች መልሱና አስተያዩ።

አስቸጋሪው ቦታው ነው። መሬት ላይ የወደቀ ጉድጓድ ይተዋል፤ ባሕር ላይ የወደቀ ምንም አይተውም። «ከዶቨር 5 ማይል» የሚለው ጽሑፍ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ሲበር የነበረ፣ ጥይት የሚዘንብበት ሰው ግምት ነው። እኔ ከአብራሪው ይልቅ የነፍስ አድን ጀልባዎቹን አምናለሁ። ማርጌት፣ ራምስጌትና ዎልመር ጀልባ ነበራቸው፤ የወጡበትን ሰዓትና የሄዱበትን አቅጣጫ ይመዘግቡ ነበር። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1940 የ603ኛ ስኳድሮን አብራሪ ሪቻርድ ሂላሪ ተቃጥሎ በጃንጥላ ባሕር ላይ ሲወርድ ያነሳው የማርጌት ጀልባ ነው። የስኳድሮኑ መዝገብ ለበረራ መነሳቱን ይነግራችኋል፤ የት እንደተገኘ የምታውቁት ከጀልባው ነው። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ ሰውየው በውኃው ተገፍቶ ሊሆን ይችላል። ሰው የተገኘበት ቦታና አውሮፕላን የገባበት ቦታ ለየብቻ ይጻፍ።

የሞቱትን ስትፈልጉም ባሕሩን ተከተሉት። ማዕበል ድንበር አያውቅም። እንግሊዝ ፊት ለፊት የሞተ ሰው ከሳምንታት በኋላ ፈረንሳይ፣ ቤልጂየም ወይም ሆላንድ ዳርቻ ሊወጣ ይችላል። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ስሙን ካገኛችሁ መቃብሩ የት እንዳለ ይነግራችኋል። መቃብር ከሌለው ስሙ ምናልባት ከለንደን በስተምዕራብ ረኒሚድ ባለው መታሰቢያ ላይ ነው። እዚያ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ20,000 በላይ የአየር ኃይል ሰዎች ስም ተቀርጿል። ጀርመን ከሆነ ካኖክ ቼዝ የሚባለውን የጀርመኖች መቃብር ፈልጉ። አሜሪካዊ ከሆነ፣ ከ1943 ወዲህ «የጠፋ የበረራ ሠራተኛ ሪፖርት» የሚባል ወረቀት አለና የአሜሪካን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጠይቁ። እዚህ ሰፈር የአሜሪካኖቹ ነገር ብዙ ነው። ምክንያቱም ማንስተን አየር ማረፊያ 9,000 ጫማ ርዝመትና 750 ጫማ ስፋት ያለው የአደጋ ጊዜ ማኮብኮቢያ ተሠርቶለት ነበር። የተጎዳ ቦምብ ጣይ ሁሉ ወደዚያ ያዘግም ነበር፤ ሳይደርስ የቀረውም አለ።

ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲመጣ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው የጉድዊን ሳንድስ ዶርኒየር ነው። ጉድዊን ሳንድስ ከዲል ከተማ ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የአሸዋ ክምር ነው። ዶርኒየር 17 የተባለው የጀርመን ቦምብ ጣይ ኦገስት 26 ቀን 1940 ተመቶ እዚያ ወረደ። አራት ሰዎች ነበሩበት፤ ሁለቱ ተማረኩ፣ ሁለቱ ሞቱ። የአየር ኃይል ሙዚየም ጁን 10 ቀን 2013 ከባሕር አወጣውና ኮስፎርድ ወዳለው ሌላው ቅርንጫፉ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ጨዉን ለማስለቀቅ የሲትሪክ አሲድ ድብልቅ ሲረጩበት ከረሙ። አልሙኒየም ከባሕር ወጥቶ አየር ሲያገኘው በፍጥነት ይበላሻል። «አንዷን ቁራጭ ለመታሰቢያ ብወስድስ?» ለሚል ሰው መልሴ ይኸው ነው፤ መደርደሪያችሁ ላይ ዱቄት ትሆናለች።

ከዚያም በላይ ወንጀል ነው። በ1986 በወጣው የወታደራዊ ቅሪቶች ጥበቃ ሕግ መሠረት በእንግሊዝ መሬትና የባሕር ክልል ያለ የማንኛውም አገር የጦር አውሮፕላን ስብርባሪ የተጠበቀ ነው። ማየት ይቻላል። መቆፈር፣ ማንቀሳቀስ፣ መውሰድ ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ አይቻልም። የሰው አስከሬን ወይም ያልፈነዳ ጥይት ሊኖርበት ይችላል ከተባለ ፈቃዱ አይሰጥም።

እየተንሸራሸራችሁ ብረት ብታዩ ከሩቅ ፎቶ አንሱ፣ የስልካችሁን የቦታ ምልክት ያዙ። ቦምብ ወይም ጥይት ከመሰላችሁ ራቁና 999 ደውላችሁ «ኮስትጋርድ» (የባሕር ዳር ጠባቂ) በሉ። እጃችሁ የገባ ነገር ካለ በ28 ቀን ውስጥ የባሕር ስብርባሪ ተቀባይ ለሚባለው መንግሥታዊ ቢሮ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሳትወጡ በፊት የማዕበል ሰንጠረዥ እዩ። ማርጌትና ራምስጌት መካከል ያሉት ነጭ ገደሎች ሥር ውኃው ሲመለስ መውጫ ይዘጋል። ፔግዌል ቤይ ደግሞ ጭቃው እግር ይይዛል። ብቻችሁን አትሂዱ።

በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ገጽ ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት በግሪንዊች፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትና ቁጥር፣ ስኳድሮን፣ ሰዎቹ፣ ቦታው፣ እያንዳንዱን ከየት እንዳገኛችሁት። ሁለት ወረቀቶች ሁለት የተለያየ ቦታ ከጠቀሱ ሁለቱንም ጻፉ፤ የወደዳችሁትን አትምረጡ። ለኬንት ካውንቲ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ ላኩት፤ የወደቁ አውሮፕላኖችን ይመዘግባሉ። ትክክለኛውን ነጥብ ለእነሱ ስጡ፣ ፌስቡክ ላይ ግን አትለጥፉ። ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ በሌሊት የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ ያ ቦታ ደግሞ ገና ያልወጣ ሰው ያለበት ሊሆን ይችላል።