ዕቃው አርጅቷል ወይስ ተቆልፏል? የስልክ፣ የፕሪንተርና የላፕቶፕ ችግርና መፍትሄ

ስልክ ወይም ላፕቶፕ ሲያስቸግረኝ ከመፍታቴ በፊት አንድ ነገር አጣራለሁ፦ ያረጀ ክፍል ነው ወይስ አምራቹ በሶፍትዌር የቆለፈው ነገር? ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መፍትሄያቸው ግን ለየቅል ነው። ያረጀውን መለወጥ ይቻላል፤ የተቆለፈውን ካቻቢቴ አይፈታውም። ብዙ ደህና ዕቃ የሚጣለው ይህ ሳይለይ ነው።

ስልኩ ይንቀራፈፋል፤ 30 በመቶ እያሳየ ድርግም ብሎ ይጠፋል

ምክንያት፦ የሊቲየም ባትሪ በቻርጅ ብዛትና በሙቀት ያረጃል። የሚይዘው ኃይል ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠየቅ መስጠት ያቅተዋል። ካሜራ ሲከፈት ወይም ከባድ ጌም ሲጀመር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ስልኩም ይጠፋል። አፕል ይህን ለመከላከል ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን ፍጥነት በአፕዴት ቀንሶ ነበር፤ ለባለቤቶቹ ግን አልነገረም። ነገሩን ያመነው እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ነው። የፈረንሳይ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2020 25 ሚሊዮን ዩሮ ያስከፈለው ለተጠቃሚዎቹ ሳይናገር በመቅረቱ ነው። እኔንም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ባትሪ በመለወጥ ብቻ የሚድነውን ስልክ ስንቱ ሰው "አረጀ" ብሎ በአዲስ ቀየረው!

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ማከማቻው ጢም ብሎ እንዳልሞላ እዩ፤ የሞላ ስልክም ይንቀራፈፋል። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የባትሪውን ጤንነት ተመልከቱ። ከ80 በመቶ በታች ከወረደ ስልኩን ትታችሁ ባትሪውን አስቀይሩ። ስክሪኑ ወይም ጀርባው ከቦታው ተነስቶ ካያችሁ ባትሪው አብጧል ማለት ነው፤ ቻርጅ ማድረግ አቁሙ፣ አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ለባለሙያ ስጡት። አዲሱ ባትሪ እንዲቆይላችሁ ትራስ ሥር ቻርጅ አታድርጉ፤ በተቻለ መጠንም ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መሐል አቆዩት።

ቻርጀሩ ሲሰካ ይላላል፤ በእጅ ካልተያዘ አይሞላም

ይህ አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። ስልኩን አጥፉና የቻርጀር መሰኪያውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት፤ ከጥግ ግራጫ ነገር ተጠቅጥቆ ይታያል። ከኪስ የገባ የጨርቅ ብናኝ ነው፤ ገመዱ በተሰካ ቁጥር ወደ ውስጥ እየተደቆሰ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ይጠጥራል። በቀጭን የእንጨት ስቴኪኒ ዳር ዳሩን ቀስ እያላችሁ ፈልቅቁት። መርፌ አይሆንም፤ ዩኤስቢ ሲ መሐል ያለችው ምላስ ስስ ናት። ከጸዳ በኋላ ገመዱ ቀጭ ብሎ ከገባ በቃ። ካልገባ ሌላ ገመድ ሞክሩ።

ስክሪን ከተቀየረ በኋላ "ክፍሉ አይታወቅም" ይላል፤ የነበረ አገልግሎትም ጠፍቷል

ምክንያት፦ አንዳንድ አምራቾች ስክሪኑን፣ ባትሪውንና ካሜራውን በመለያ ቁጥር ከዋናው ቦርድ ጋር ያጣምራሉ። ኦሪጅናል ክፍል ከሌላ ተመሳሳይ ስልክ ተነቅሎ ቢገጠም እንኳ ቦርዱ "ባዕድ ነው" ይላል። በ2021 አይፎን 13 ሲወጣ ስክሪኑን ከአፕል ውጭ ያስቀየረ ሰው ፌስ አይዲ (ስልኩን በፊት መክፈቻው) ይጠፋበት ነበር። ተቃውሞው ሲበረታ አፕል በሶፍትዌር አፕዴት አስተካከለው። ልብ በሉ፦ ስልኩም ስክሪኑም ያው ናቸው፤ የተለወጠው የአምራቹ ውሳኔ ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ ከማስቀየራችሁ በፊት ጠጋኙን "ከአሮጌው ስክሪን ላይ ቺፑን ወይም መረጃውን ወደ አዲሱ ታዛውራለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። አሮጌውን ክፍል ደግሞ ተቀበሉና አስቀምጡ፤ ያ ቺፕ ያለው እሱ ላይ ነው። ከተገጠመ በኋላ ሶፍትዌሩን አፕዴት አድርጉ። የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት በ2024 ባወጣችው ሕግ ይህን ማጣመር ከልክላለች፤ ክልከላው ግን አሮጌ ስልኮችን አይመለከትም።

ፕሪንተሩ ትናንት ሲሠራበት የነበረውን ካርትሪጅ (የቀለም መያዣ) ዛሬ አልቀበልም ይላል

ይህ በእኔ ደርሷል። ማታ አሥር ገጽ ያተምኩበት ካርትሪጅ ጠዋት "አይታወቅም" ተባለ፤ ቀለሙ ግማሽ እንኳ አልደረሰም ነበር። ለካ ሌሊት አፕዴት ወርዶ የሌላ አምራች ቺፕ ያለበትን ካርትሪጅ ሁሉ አግዷል። የገዛሁትን ዕቃ ሳልጠየቅ ሌላ ሰው እቤቴ ውስጥ ሲቆልፈው በጣም ነው የተሰማኝ።

መፍትሄ፦ ፕሪንተሩ እየሠራ ሳለ አውቶማቲክ አፕዴቱን አጥፉ፤ ከታገደ በኋላ ወደ ድሮው መመለስ አስቸጋሪ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ "የካርትሪጅ ጥበቃ" የሚል ካለ እሱንም ዝጉ። ቀጥሎ ስትገዙ ቀለም በጠርሙስ የሚሞላውን ምረጡ፤ ቺፕ ያለው ካርትሪጅ የለውም።

ላፕቶፑ ደህና ነው፤ አዲሱን ዊንዶውስ ግን አይቀበልም

ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ብዙ ጤነኛ ላፕቶፕ በዚህ መስፈርት ወድቋል። ለእንዲህ ያለው ዊንዶውስን የሚተካ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ የሚባል ሲስተም በነጻ ይገኛል። ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ሳትነኩ ከፍላሹ አስነሱት፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ካሜራው መሥራታቸውን እዩ። ከሠሩ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡና ጫኑት። ሃርድ ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነም በኤስኤስዲ (በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ለውጡት፤ ሲከፈት ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።