ግጥሙም ዜማውም የራሳችሁ የሆነ የጊታር አልበም እንዴት ይሠራል?

ይህ ራሱ ጽፎ ራሱ ለሚዘፍን ሰው ነው። ሙዚቃው የከተማ ፎክ-ፖፕ ነው፦ አኩስቲክ ጊታር፣ ቀረብ ብሎ የሚሰማ ድምፅ፣ ከኋላ ቀለል ያለ ቤዝና ከበሮ። አብዛኛው ሥራ ቤት ውስጥ ያልቃል።

መጀመሪያ ግጥሙ። «ከተማው ብቸኛ አደረገኝ» የሚል ስንኝ ማንም ይጽፋል። የጎረቤት በር ሲዘጋ በግድግዳው በኩል የሚሰማውን ጻፉ። በመጨረሻው አውቶብስ መስኮት ላይ ተደግፋ የተኛችውን ልጅ ጻፉ። ብቸኝነቱን አድማጩ ራሱ ያገኘዋል። በዚህ ዓይነት ሙዚቃ ቃሉ የሚደበቅበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ እኔ ከቀረጻው ይልቅ እዚህ ላይ ብዙ ሳምንት ብታጠፉ እመርጣለሁ።

ዜማው ሲመጣ ወዲያው በስልክ ቅዱት። ከዚያ ሁለት ቀን አትስሙት። በሦስተኛው ቀን አዝማቹን ከአፋችሁ ካገኛችሁት ዘፈኑ በእግሩ ቆሟል። ከጠፋባችሁ አዝማቹ ገና ሥራ ይቀረዋል። ከፍ ያለው ኖታ ጉሮሯችሁን ካነቀው አትታገሉት። ካፖውን (በጊታሩ አንገት ላይ ክሮቹን ተጭኖ የሚይዘውን መቆንጠጫ) አንድ ፍሬት (የአንገቱ የብረት መስመሮች የሚለዩት አንድ ክፍል) ወደ ጊታሩ ራስ ብታወርዱት ዘፈኑ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል።

ለአልበም ከ8 እስከ 10 ዘፈን ይበቃል። 15 ያህል ጽፋችሁ ምረጡ።

አሁን ቀረጻ። ልብስና መጋረጃ የበዛበትን ክፍል ምረጡ፤ ባዶ ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ ያበላሸዋል። ፍሪጁን ንቀሉ! አንድ ጊዜ ሙሉ ቀን የቀዳሁትን ጊታር በዚያ እዝዝዝ በሚል ድምፅ ምክንያት ጥዬዋለሁ። የጊታሩን ክር አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ቀይሩ፤ አዲስ ክር ቶሎ ቶሎ ይላላል። ማይኩን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ወደ 12ኛው ፍሬት አዙሩት። የጊታሩ ቀዳዳ ፊት ለፊት ካስቀመጣችሁት ወፍራምና የሚያጉረመርም ድምፅ ይወጣል። የመቅጃ ፕሮግራሙን በ24 ቢት አድርጉት። ከፍተኛው ድምፅ በፕሮግራሙ መለኪያ ላይ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መካከል ቢቆም ጥሩ ነው።

ለድምፃችሁ ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ራቁ። ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሦስት አራት ጊዜ ዝፈኑት። ከዚያ በሙሉ ስሜት የወጣውን ምረጡና የተበላሸውን ስንኝ ብቻ ከሌላው ተኩለት። ቃል በቃል እየቆራረጡ መለጠፍ ትንፋሹን ያጠፋዋል። ለአድማጭ ደግሞ ትንፋሹ ራሱ ሙዚቃ ነው። በጣም ዝግ ያሉ ዘፈኖችን ያለ ክሊክ (በጆሮ ማዳመጫ ምቱን የሚቆጥር ድምፅ) መቅዳት አይከፋም፤ ከበሮ የሚገባበትን ግን በክሊክ ቅዱ።

ቅንብሩ ላይ የምከተለው አንድ ዘዴ አለ። መሣሪያ ከጨመራችሁ በኋላ አጥፉትና ዘፈኑን ስሙ። ካልናፈቃችሁ አውጡት።

ሚክስ ስታደርጉ (የተቀዱትን ድምፆች ስታመጣጥኑ) ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን በጣም ወፍራም የጊታር ድምፅ ቀንሱ፤ ቦታው ለቤዙ ይለቀቅ። ከዚያ በትንሽ ድምፅ፣ በስልክ ስፒከር ስሙት። ግጥሙ ካልተለየ የዘፋኙን ድምፅ ከፍ አድርጉት። ማስተሪንጉን (ከሚክስ በኋላ ያለውን የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) ከቻላችሁ ለሌላ ሰው ስጡ፤ የእናንተ ጆሮ እስካሁን ደክሟል።

ቅደም ተከተሉን ስታወጡ ፍጥነታቸውና ቁልፋቸው (ዜማው የተመሠረተበት ኖታ) አንድ የሆኑ ዘፈኖችን አታስከትሉ።

አልበሙን ለአከፋፋይ (ዘፈኑን ወደ ኢንተርኔት የሙዚቃ መድረኮች ለሚያደርሰው ድርጅት) ከሚወጣበት ቀን ሦስት አራት ሳምንት ቀድማችሁ ስጡ። እያንዳንዱ የተቀዳ ዘፈን አይኤስአርሲ የሚባል ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ያስፈልገዋል፤ ብዙ አከፋፋዮች ራሳቸው ይሰጣሉ። ቤዝ የመታላችሁ ወይም ግጥም ያገዛችሁ ሰው ካለ ድርሻውን አልበሙ ሳይወጣ በጽሑፍ ተስማሙ። ስሙንም እሱ ራሱ በሚጽፍበት ፊደል ጻፉለት።