ጥፋቱ የሪዱ ነው ከማለታችሁ በፊት

ሳክስፎን መማር የጀመርኩት ጣፎ ተከራይቼ ስኖር ነው። ማታ ማታ ስነፋ ድምፁ መሀል ላይ ሲጢጥ ይላል፤ የአከራዬ ውሻ ደግሞ ይቀበለኛል። "ሪዱ ነው" ብዬ ሌላ እገዛለሁ። ያው ሲጢጥ ነው። እንደገና እገዛለሁ። ከደመወዜ የምትተርፈውን ሁለት ወር ሙሉ ሪድ ላይ በተንኳት። እናንተ እንዳትደግሙት ያጠፋሁትን ልንገራችሁ።

ሪድ ማለት ማውዝፒሱ (አፍ ውስጥ የሚገባው የሳክስፎኑ ጫፍ) ላይ የሚታሰረው ስስ የሸምበቆ ቁራጭ ነው። አዎ፣ ለዋሽንት የምናውቀው ሸምበቆ። ስመ ጥሮቹ ሪዶች በደቡብ ፈረንሳይ፣ ቫር በሚባለው አካባቢ ከሚበቅል ሸምበቆ ይሠራሉ። ተክል ነውና አንድ ፓኬት ውስጥ ያሉት እንኳ እኩል አይደሉም። አንዱ እምቢ ስላለ ፓኬቱን በሙሉ አትርገሙት።

ትልቁ ጥፋቴ ቁጥር ላይ ነው። ሪድ ጀርባው ላይ 2፣ 2½፣ 3 እያለ ይጻፍበታል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይጠነክራል። እኔ ደግሞ ትልቅ ቁጥር የጎበዝ ይመስለኝ ነበር። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን ሲያስገመግም ሰምቼ 3 ቁጥር ገዛሁ። የወጣልኝ ግን የሚያፏጭ አየር ነው፤ ከንፈሬም በአሥር ደቂቃ ዛለ። ለጀማሪ 2 ወይም 2½ ይበቃል። በጣም ከላላም ያስታውቃል፤ ላይኛዎቹ ኖታዎች ይታፈናሉ፣ ድምፁም ወደ ታች ይወርዳል። ቁጥሩ ደግሞ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ብርቱካንማ ካርቶን ባለው ሪኮ 2½ የለመደ ሰው ቫንዶረን 2½ ይከብደዋል።

አልቶ (ከቴነር የሚያንሰውን ሳክስፎን) ይዞ የቴነር ሪድ መግዛትም አለ። የክላርኔት ሪድ "ያው ነው" ተብሎ የተሸጠልኝ ጊዜም ነበር። ያው አይደለም፤ ይጠብባል፣ በጎን አየር ያስወጣል።

ሌላው አየራችን ነው። እኛ አዲስ አበባና አካባቢው ያለን ከ2,000 ሜትር በላይ ሆነን ነው የምንነፋው፤ ከፍታ ላይ ሪድ ከቁጥሩ በላይ ይጠነክራል። በጋ ሲሆን ደግሞ ድርቀቱ ይጨመራል። ጥር ላይ ማውዝፒሱ ላይ እንደታሰረ ትቼው ያደርኩት ሪድ ጠዋት ጫፉ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ተጣጥፎ ጠበቀኝ። ጣልኩት። መጣል አልነበረብኝም። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ቢቆይ፣ ከዚያ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በጣት ጫን ጫን ቢደረግ አብዛኛውን ጊዜ ይቃናል። ጫፉ የተሸረፈን ግን የሚያድነው የለም።

ነፍታችሁ ስትጨርሱ ፍቱት፣ በውኃ አለቅልቁት፣ ጥረጉት፣ መያዣው ውስጥ አስተኙት። እርጥቡን ፌስታል ውስጥ መቋጠር ሻጋታ መጋበዝ ነው፤ በክረምትማ አትሞክሩት። ሦስት አራት ሪድ አስለምዳችሁ እያፈራረቃችሁ ንፉ። አዲሱን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአሥር ደቂቃ በላይ አታስጨንቁት።

አስተሳሰሩም ያሳስታል። የሪዱ ጫፍ ከማውዝፒሱ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን፤ ከፊት ስታዩት ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ብቻ ብትታይ ነው። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሲጢጥ ይላል። ሪዱን ማውዝፒሱ ላይ የሚያስረውን ቀለበት፣ የሊጌቸሩን፣ ብሎን እንደ መኪና ጎማ አታጥብቁት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ሲጢጥ ካለ ሪዱን ከመቀየራችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። መጀመሪያ ማውዝፒሱን ከነሪዱ ነቅላችሁ የኋላውን ቀዳዳ በመዳፍ ድፈኑና አየሩን ምጠጡ። ከአፋችሁ ስታወጡት ሪዱ ለአፍታ ተጣብቆ ቆይቶ "ፖፕ" ብሎ ከተላቀቀ ደህና ነው። ሁለተኛ፣ ቀዳዳዎቹን የሚከድኑት ፓዶች ሥር ስስ ወረቀት አግቡ፣ ክደኑ፣ በቀስታ ሳቡ። ወረቀቱ ያለ ምንም መያዝ ሹልክ ካለ አየር የሚያፈሰው እዚያ ነው። የእኔ ጉድ የተገኘው በዚህ ነው፤ የላይኛው አንድ ፓድ ቆዳው ደርቆ ተሰንጥቋል። ማስቀየሪያው ከአንድ ፓኬት ሪድ ዋጋ አነሰ።