የማንቆርቆሪያና የቦይለር ነጭ ቅርፊት እንዴት ይጸዳል?

ድሬዳዋ የኖረ ሰው ይህን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። የማንቆርቆሪያው ታች ላይ ይጋገራል፣ የሻወሩን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሻይ ላይ እንደ ስስ ቆዳ ይንሳፈፋል። ውሃችን የጉድጓድ ውሃ ነው፤ አካባቢው ደግሞ የኖራ ድንጋይ አገር ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ ሲተከል የፈጨው ይህንኑ ድንጋይ ነው። ሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ሐረርም ከድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውሃ ስለሚሳብላት፣ ነገሩ የሐረሮችም ነው።

ኖራው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ስላለ አይታይም። ውሃው ሲሞቅ ግን ይለያል፤ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ይብሳል። ለጤና አያሰጋም፤ የሚጎዳው ዕቃውን ነው። የተጋገረው ቅርፊት ሙቀቱን ይዞ ስለሚያስቀር መብራት ይበላል፣ በመጨረሻም ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ይቃጠላል።

ማንቆርቆሪያው ቀላል ነው። ግማሽ ያህል ውሃ አፍሉ፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ ከዚያ አቼቶ ጨምሩበት። አቼቶው ቀድሞ ከገባ ሲፈላ ይገነፍላል። ቅርፊቱ አረፋ እየደፈቀ ሲሟሟ ታያላችሁ። አንድ ሰዓት አቆዩትና ድፉት፤ ንጹህ ውሃ ሁለቴ አፍልታችሁ ከደፋችሁ ሽታው ይሄዳል። ሎሚም ይሠራል፣ ግን ብዙ ይፈጃል። አሉሚኒየም ከሆነ አቼቶ ውስጥ አታሳድሩት፣ ይበላዋል። ጀበናውን ግን ተዉት፤ ሸክላ ሽታ ይይዛል።

አደራ፦ አቼቶና በረኪና በፍጹም እንዳይገናኙ። መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ለሽንት ቤት የሚሸጠውን አሲድም ለቤት ዕቃ አትጠቀሙ፤ ቅርፊቱን ብቻ ሳይሆን ብረቱንም ይበላል።

ከባዱ ቦይለሩ ነው። “ድሬ ላይ ቦይለር ምን ይሠራል?” የሚል አለ። የጥር ማለዳ ሕፃን አጥቦ የሚያውቅ ግን እንዲህ አይልም።

መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። የግድግዳው ማብሪያ ብቻውን አይታመንም፤ በቴስተር አረጋግጡ። ከኤሌክትሪክ ጋር የማትግባቡ ከሆነ ከዚህ በኋላ ያለውን ለባለሙያ ስጡና አጠገቡ ቁሙ። ውሃው ይቀዝቅዝ። የቀዝቃዛውን መግቢያ ዝጉ፣ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱ፣ ቦይለሩን አጉድሉ። የታችኛውን ሽፋን በካቻቢቴ ከፈታችሁ በኋላ ሽቦዎቹን ሳትነቅሉ በስልክ ፎቶ አንሱ። ባልዲ ደቅናችሁ ዳዶዎቹን ፍቱ፤ የቀረው ውሃ ከነቅርፊቱ ዱብ ይላል።

ሬዚስታንሱ ሲወጣ መዳብ አይመስልም። ነጭ ድንጋይ ለብሷል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው፣ ባለሙያ ነኝ የሚለውም ጭምር፣ ቢላ ወይም መዶሻ ያነሳል። ተዉት! የመዳቡ ግድግዳ ስስ ነው። ከመርፌ ቀዳዳ ያነሰ ስንጥቅ ቢፈጠር ውሃ ወደ ውስጥ ይሰርግና ብሬከሩ እየደጋገመ ይወድቃል፤ የመሬት መስመር በሌለው ቤት ደግሞ ገላ የሚታጠበውን ሰው ይይዘዋል። ሽቦ የሚታሰርበት ጫፍ ሳይርስ ቱቦውን ብቻ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉና አሳድሩት። ጠዋት በእጅ ሲነኩት እየተላጠ ይወርዳል። የቀረውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጨርሱ።

አጠገቡ ያለችውን የማግኒዚየም ዘንግም እዩአት። ሥራዋ በጋኑ ፈንታ መበላት ነው። ሽቦዋ ብቻ ከቀረ ቀይሩ። ሬዚስታንሱ የሚገጠምበት ላይ ውሃ እንዳያፈስ የሚያግደውን ጎማም በአዲስ ቀይሩ፣ ለእሱ አትሰስቱ። ዳዶዎቹን ስታስሩ በተርታ ሳይሆን ትይዩ ትይዩውን ቀስ በቀስ አጥብቁ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሴፍቲ ቫልቩ ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ለእሱ ነው። በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ያለች ትንሽ ዕቃ ናት፤ ሁለት ሥራ ትሠራለች። ግፊት ሲበዛ ታስተነፍሳለች፣ ውሃ ሲሄድ ደግሞ በቦይለሩ ውስጥ ያለው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትይዛለች። ኖራ ከያዛት ሁለቱም ይቀራል። በፈረቃ ውሃ የሚያገኝ ሰፈር ውስጥ ይህ ማለት ውሃ በሄደ ቁጥር ቦይለሩ ወደ ቧንቧው ይጎድላል፣ ሬዚስታንሱም ባዶ ጋን ውስጥ ይነዳል። በወር አንዴ እጀታዋን ከፍ አድርጋችሁ ውሃ አስተፏት። ካልተንቀሳቀሰች አዲስ ግዙ። ስታንጠባጥብ ግን በፍጹም አትድፈኗት፤ ቦይለር የሚፈነዳው እንዲያ ነው።

መብራቱን ከማብራታችሁ በፊት ጋኑን ሙሉ። ከሙቅ ውሃ ቧንቧው አየር የሌለበት ውሃ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ታቹን በደረቅ ጨርቅ ፈትሹ፣ ከዚያ ብሬከሩን መልሱ። ቴርሞስታቱን 55 ዲግሪ አካባቢ አድርጉት፤ ከዚህ በላይ ማሞቅ ለድሬ ትርፉ ቅርፊት ነው።

ለልብስ ማጠቢያው ባዶውን፣ በሙቅ ውሃ፣ ሁለት ብርጭቆ አቼቶ ጨምራችሁ አዙሩት። አይደጋገም፣ ጎማውን ያደርቃል። የእንፋሎት ካውያ ላይ የቧንቧ ውሃ አትሙሉ። ዲስቲልድ ውሃ ካጣችሁ እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ተኩሱ።