አይ7 ሲሏችሁ ቀጥላ ያለችውን ፊደል ጠይቁ

“ወንድምጋሼ፣ አይ7 ነው ብለውኝ እኮ ነው የገዛሁት” አለችኝ እህቴ፣ ስክሪኑን ከኪቦርዱ ነቅላ ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጠች። ኩታበር ታስተምራለች። ስንት ወር ያጠራቀመችውን አውጥታ አዲስ አበባ ካለ ሱቅ ያስመጣችው ቱ ኢን ዋን ነው፤ ኪቦርዱ ሲነቀል ታብሌት የሚሆን ላፕቶፕ ማለት ነው። የተማሪ ውጤት በኤክሴል ስትሞላበት ደህና ይሠራል፤ ቪዲዮ ከፍታ ጎን ለጎን ፈተና ማዘጋጀት ስትጀምር ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስታክ ያደርጋል።

“አብሽሪ፣ አልተበላሸም” አልኳትና ሴቲንግ ገብቼ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ከፈትኩ። የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አእምሮ፣ ስም ኮር አይ7-7ዋይ75 ይላል።

አልዋሿትም፤ አይ7 ነው። ያቺን “ዋይ” ግን የነገራት ሰው የለም። ደሴ ፒያሳ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን የማየው ይኸንኑ ነው፤ ሰው በስሙ ይገዛል፣ ፊደሏን የሚያያት ከከፈለ በኋላ ነው። ለመግዛት ላሰባችሁ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2014 ኮር ኤም የሚባል፣ 4.5 ዋት የሚበቃውና ማራገቢያ በሌለው ስስ ታብሌት ውስጥ የሚገባ ፕሮሰሰር አወጣ። በ2016 ሰባተኛው ትውልድ ሲመጣ ኤም5 እና ኤም7 ይባሉ የነበሩት ስማቸው አይ5 እና አይ7 ሆነ፤ ልዩነቱን የምትናገረው መሃል የገባችው ዋይ ብቻ ቀረች። የእህቴ ፕሮሰሰር ፍጥነቱ ለአፍታ እስከ 3.6 ጊጋኸርዝ ይወጣል። በዚያው ዘመን የነበረው ባለ 15 ዋቱ አይ7-7500ዩ ጣሪያው 3.5 ነው። ማስታወቂያ ላይ ብታዩት የእሷ ይበልጣል! መነሻቸውን ስታዩ ግን የእሷ 1.3፣ የዚያኛው 2.7 ነው። ሥራው ሲረዝምና ሙቀቱ ሲጠራቀም ወደ መነሻው ነው የሚወርዱት። ሱቅ ውስጥ የሁለት ደቂቃ ሙከራ አሪፍ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ስትሞክሩ ጊዜ ውሰዱ። ሻጩ ቢቻኮልም እናንተ አትቻኮሉ፤ ብሩ የእናንተ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ ከሚለው ውስጥ ሲፒዩን ምረጡ። ቪዲዮ አጫውቱ፣ አምስት ስድስት ገጽ ክፈቱ፣ አንድ ትልቅ ፋይል ኮፒ አስደርጉ። ከዚያ ስፒድ የሚለውን ቁጥር 20 ደቂቃ ያህል ተከታተሉ። የእህቴን ስሞክረው መጀመሪያ 3 አካባቢ ይዋልል ነበር፤ አሥረኛው ደቂቃ ላይ ወደ 1.5 ወረደና እዚያው ቀረ። በነዚህ ዕቃዎች ፕሮሰሰሩ ያለው ከኪቦርዱ በታች ሳይሆን ከስክሪኑ ጀርባ ነው፤ እጄን ጀርባው ላይ ሳሳርፍ ከካሜራው ዝቅ ብሎ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ትፋጃለች፣ ሌላው ለብ ያለ ነው። ሙቀቱ የሚወጣው በዚያች ቆርቆሮ ብቻ ነው። ይህን ያደረግኩት በደሴ ብርድ ነው። ኮምቦልቻ ወይም ባቲ የምትሠሩ ከሆነ ቀን ላይ ከዚህ ቶሎ እንደሚወርድ ጠብቁ፤ ማራገቢያ የሌለውን ዕቃ የሚያቀዘቅዘው የአካባቢው አየር ብቻ ነውና።

አሁን ወደ ስሞቹ። በኢንቴል ዩ በአብዛኛው 15 ዋት አካባቢ ነው፤ ኤች ደግሞ ከባድ ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባው ነው። ከአሥረኛው ትውልድ በኋላ ዋይ እየቀረች ስለሄደች ቁጥሩን ማየት ያስፈልጋል። አይ5-1235ዩ እና አይ5-1230ዩ የሚለያዩት በአንድ አኃዝ ነው፤ በ5 የሚያልቀው 15 ዋት፣ በ0 የሚያልቀው 9 ዋት ነው። ቀደም ሲልም አይ5-1035 ባለ 15፣ አይ5-1030 ባለ 9 ነበሩ። ይቺን ያዟት፤ ሻጭም ብዙ ጊዜ አያውቃትም።

አቶም የሚለውን ለዊንዶውስ ብላችሁ አትግዙ። ዜድ3735ኤፍ፣ ኤክስ5-ዜድ8350 የሚሉትን ማለቴ ነው። ዋጋቸው ያማልላል፤ ግን ብዙ ጊዜ 2 ጊጋ ራም (ሥራ ላይ ያለውን ለጊዜው የሚይዘው) እና 32 ጊጋ ማስቀመጫ ብቻ ይዘው ነው የሚመጡት። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ እኔም ልጨምርላችሁ አልችልም፤ ማስቀመጫውን ደግሞ የዊንዶውስ አፕዴት ብቻውን ይሞላዋል። ዕቃውን ይዘው መጥተው “ምንም አይደረግለትም” ብዬ የመለስኳቸው ሰዎች ፊት አይረሳኝም።

በኤን የሚጀምሩት ግን እንደየቁጥራቸው ናቸው። ኤን4000 እና ኤን4020 ባለ ሁለት ኮር ናቸው፤ እዚህ ላይ ኮር የምለው ሥራውን የሚሠራውን የፕሮሰሰሩን ክፍል ነው፤ ከአንድ ሥራ በላይ ሲመጣባቸው ይጨነቃሉ። ኤን4100፣ ኤን4120 እና ኤን5100 ያው 6 ዋት ሆነው አራት ኮር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኤን100 ደግሞ 6 ዋት፣ አራት ኮር፣ እስከ 3.4 ጊጋኸርዝ ነው። ለአስተማሪ፣ ለቢሮ ጽሑፍ፣ ለኤክሴል ዛሬ ምረጥልኝ ብትሉኝ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ (ፈጣን ማስቀመጫ) ያለውን ኤን100 እመርጣለሁ። “አይ” የሚል ስም ስለሌለው ሰው ይንቀዋል፤ አትናቁት።

ስናፕድራገን ከሚባለው፣ ከኢንቴል በተለየ አርም በሚባል አሠራር ከተሠራው ፕሮሰሰር ጋር የሚመጡ የዊንዶውስ ዕቃዎች ባትሪያቸው ያስቀናል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቢሮአችሁ ያለው ፕሪንተር ለአርም የተሠራ ድራይቨር (ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) እንዳለው አረጋግጡ። ለኢንቴል የተጻፈ ፕሮግራም ዊንዶውስ እያስመሰለለት ሊሠራ ይችላል፤ ድራይቨር ግን እንዲያ አይሆንም። ለአንድሮይድ ታብሌት ደግሞ “ኦክታ ኮር” በሚለው አትደሰቱ። ስምንት ኮር ማለት ነው፤ ስምንቱም ኮርቴክስ ኤ53 የሚባሉት ከሆኑ ግን ስምንት ደካሞች ናቸው። እንደ ሄሊዮ ጂ99 ሁለት ጠንካራ ኤ76 ኮር ያለበትን ፕሮሰሰር ፈልጉ።

እኛ አገር መብራት የሚሄድበት ሰዓት አይታወቅም፤ ዋቱ የሚያሳስበኝ በዚህም ነው። ባትሪው ላይ ዋት አወር የሚል ቁጥር አለ። 36 ከሆነና ዕቃው ከነስክሪኑ በአማካይ 6 ዋት ከወሰደ 6 ሰዓት ትሠራላችሁ፤ 12 ከወሰደ 3 ሰዓት ነው። ገጠር በሶላር ለምትሠሩ የልማት ጣቢያና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከዚህም የሚብሰው ቻርጀሩ ነው። 5 ቮልትና 2 አምፒር የሚለው ቻርጀር የሚሰጠው 10 ዋት ብቻ ነው። እየሠራችሁበት ዕቃው 8 ከወሰደ ለባትሪው 2 ይተርፋል፤ ቀኑን ሙሉ ሰክታችሁት አይሞላም። በዩኤስቢ ሲ ከፍ ባለ ዋት የሚሞላውን ፈልጉ።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገብታችሁ አውቶካድ የምትሠሩ ልጆች ደግሞ ይህን ሁሉ ተዉትና ማራገቢያ ያለው ላፕቶፕ ግዙ። ቢከብድም ተሸከሙት።

ያገለገለ ስትገዙ አንድ ነገር ጨምራችሁ እዩ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል ኮር በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው የሚቀበለው። የእህቴ ሰባተኛ ነው።

እሷን ሌላ ግዢ አላልኳትም፤ ብሩ ከየት ይመጣል? የጀርባውን የቆዳ ልባስ አወለቅኩላት፣ ሲበራ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች አጠፋሁላት፣ ፍራሽና ጋቢ ላይ እንዳታስቀምጠው ነገርኳት። ቪዲዮውን በስልኳ ታየዋለች። አሁን ውጤቷን ሳይንገላታ ይሞላላታል።

ባለፈው ቅዳሜ አብራት የምታስተምር ጓደኛዋን ይዛ መጣች። ጓደኛዋ ገና አልገዛችም፤ የላኩላትን ፎቶ ከስልኳ አሳየችኝ። ጣቷን ስቲከሩ ላይ አድርጋ “ኤን4020፣ 4 ጊጋ” ብላ አነበበችልኝና ቀና ብላ አየችኝ።

“ተይው” አልኳት። “አራት ኮር ያለው እስኪገኝ ጠብቂ።”